ሁለት ፈሳሾች በአንድ ራዲያተር፦ የሞተርና የካምቢዮ ሙቀት ብልሽትን በሥርዓት ስለ መመርመር



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለሕዝብ ንግግር የሚመጥን ላይመስል ይችላል። ራዲያተር፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽና የካምቢዮ ዘይት በየጋራዡ በየዕለቱ የሚነሡ ተራ ነገሮች ናቸው። ይሁን እንጂ በአገራችን መኪና ማለት ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ነው፤ ለታክሲ ሹፌር ደግሞ የዕለት እንጀራው ነው። ሞተሩ ፈልቶ ቴስታታው የተጣመመበት ሰው የሚያጣው ብረት ብቻ አይደለም። ምርመራው ሲሳሳት ኪሳራው እጥፍ ይሆናል፤ ያልተበላሸው ዕቃ ይቀየራል፣ የተበላሸው በቦታው ይቀራል፣ መኪናውም በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።

እኔ በዚህ ንግግር የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚጎድለን የእጅ ሙያ ሳይሆን የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው። «ምን ልቀይር?» ከማለታችን በፊት «ሙቀቱ ከየት መጣ? ወዴትስ መሄድ አቃተው?» ብለን ብንጠይቅ አብዛኛው ምርመራ በርካሽ መሣሪያና በጥቂት ደቂቃ ይጠናቀቃል።

ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ

አንድ የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት በግምት ሲሦውን ወደ ሥራ ይለውጣል፤ ሌላው ሲሦ በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ የቀረው ወደ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ይገባል። ፈሳሹን ፓምፑ ይገፋዋል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ቴርሞስታቱ መንገዱን ዘግቶ ፈሳሹን በሞተሩ ውስጥ ብቻ ያዞረዋል። ሙቀቱ ወደ 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል፤ በብዙ ሞተሮች 95 ዲግሪ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። ከዚያ ፈሳሹ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየር ያስረክባል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው በርካታ መኪኖች ላይ በዚሁ ራዲያተር ውስጥ አንድ ሁለተኛ ነገር አለ። ከራዲያተሩ ታንኮች በአንዱ ውስጥ የካምቢዮው ዘይት የሚያልፍበት ትንሽ ማቀዝቀዣ ተቀብሯል። ካምቢዮው ሙቀቱን ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ ይሰጣል፤ ፈሳሹም ለአየር ያስተላልፋል። ስለዚህ ሁለቱን ፈሳሾች የሚለያቸው የአንድ ስስ ብረት ግድግዳ ነው። ይህን ግድግዳ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የከፍታ ጉዳይ

የመማሪያ መጻሕፍታችን በአብዛኛው የተጻፉት በባሕር ወለል አቅራቢያ ለሚኖር አንባቢ ነው። እኛ ግን አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈን ተቀምጠናል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ንጹሕ ውሃም ክፍት ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ የሚቀቅል ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የደጋ ባቄላ ጊዜ ይፈጃል።

አሁን ይህን ቁጥር ከቴርሞስታቱ ቁጥር ጋር አስተያዩት። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ውሃው በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ቴርሞስታቱ ግን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 ነው። ማለትም አዲስ አበባ ላይ፣ ክዳኑ የሞተና በውሃ ብቻ የሚሄድ መኪና ቴርሞስታቱ ሥራውን ሳይጨርስ ሊፈላ ይችላል። ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢሆን ውሃው እስከ 100 ዲግሪ ይታገሥ ነበር።

ክዳኑ ጤነኛ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በብዙ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 1.1 ወይም 108 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያው በኪሎ ግራም ኃይል በካሬ ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛው በኪሎ ፓስካል ነው። ይህ ግፊት በአካባቢው አየር ግፊት ላይ ሲደመር አዲስ አበባ ላይ የውሃውን መፍያ ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል። በአንድ ርካሽ ክዳን ከ25 ዲግሪ በላይ የደኅንነት ኅዳግ አገኘን ማለት ነው። የማቀዝቀዣ ፈሳሽን ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ብንቀላቅል ደግሞ ሰባት ዲግሪ ያህል እንጨምራለን።

በዚህ ላይ ሌላ ጫና አለ። የደጋ አየር ስስ ስለሆነ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው የአየር ክብደት በባሕር ወለል ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ከዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪናን አስቡ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከፊት የሚገባው ነፋስ ደካማ ነው፤ የሸለቆው አየር ሞቃት ነው፤ ጭነቱም ከባድ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ኮንቨርተሩ ሳይቆለፍ ዘይቱን እየናጠ ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል፤ ያም ሙቀት ወደዚያው ራዲያተር ይመጣል። ሜዳ ላይ የተደበቀ ድካም ሁሉ እዚህ ይጋለጣል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ያየነው አንድ አሮጌ የቤት መኪና ዳገት ሲወጣ እየፈላ ያስቸግር ነበር። ባለቤቱ ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ፓምፑ፣ ቴርሞስታቱና ራዲያተሩ ተቀይረውላቸዋል። ተማሪዎቹ በእጅ ፓምፕ ክዳኑን ፈተኑት፤ ከሚጠበቅበት ግፊት ሲሦውን እንኳ ሳይዝ ለቀቀ። በጎማው ላይ ስንጥቅ ነበረው። ክዳኑ ተቀየረ፤ መኪናውም ያንኑ ዳገት ያለ ችግር ወጣ። ሦስቱ ዕቃዎች የተቀየሩት ክዳኑ ርካሽ ስለሆነ ጥፋተኛ ይሆናል ብሎ የጠረጠረው ስላልነበረ ነው።

«መቼ ነው የሚሞቀው?»

ለባለቤቱ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ የምርመራውን ግማሽ ይጨርሳል።

መኪናው በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ እየሞቀ፣ መንገድ ሲከፈትለት የሚቀዘቅዝ ከሆነ የጎደለው የአየር ፍሰት ነው። ማራገቢያውን ተመልከቱ፤ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የሙቀት ሴንሰሩን መርምሩ። በቺንጊያ ወይም በፈሳሽ ክላች የሚዞር ማራገቢያ ከሆነ ክላቹ መያዙን አረጋግጡ።

በተቃራኒው ቆሞ ደኅና ሆኖ በፍጥነት ወይም በዳገት ላይ የሚሞቅ ከሆነ የጎደለው የፈሳሽ ፍሰት ወይም የራዲያተሩ አቅም ነው። ራዲያተሩ ከውስጥ በዝቃጭ፣ ከውጭ በአቧራና በነፍሳት ሊዘጋ ይችላል። የፓምፑ ክንፎች በዝገት ተበልተው ሊሆን ይችላል። የታችኛው ቱቦ ውስጡ ላልቶ ፓምፑ ሲስብ እየተጨፈለቀም ሊሆን ይችላል።

ከተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ እየጋለ የታችኛው ቀዝቃዛ የሚሆን ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል ወይም ራዲያተሩ ፈጽሞ ተደፍኗል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የክፍሉ ማሞቂያ ቀዝቃዛ አየር የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹ ጎድሏል ወይም አየር ታምቋል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቱቦው ተጨማድዶ ከተገኘ ክዳኑ ወደ ውስጥ የሚያስተነፍስበት ትንሽ ቫልቭ ተጣብቋል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የተለመደ ልማድ ልናገር። ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መድኃኒት ይታያል። «አገራችን ሞቃት ነው፤ አያስፈልግም» ይባላል። ይህ በሁለት ምክንያት ስሕተት ነው። አንደኛ፣ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማለፊያውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል፤ እሱን ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀርና ከፊሉ ፈሳሽ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ከባድ ጭነት ላይ ከበፊቱ ይብስ ሊሞቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ በደጋ ጧት ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፤ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል፣ ሲሊንደሮቹም ያለ ጊዜያቸው ያልቃሉ። ጉዳቱ በዝግታ ስለሚመጣ ማንም ከምክንያቱ ጋር አያያይዘውም።

ፈሳሹ ወዴት ሄደ?

የሚጎድል ፈሳሽ አንድም ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ አንድም ወደ ውስጥ ይገባል። ከውጭው እንጀምር። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የግፊት መፈተሻ ገጥማችሁ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት ስጡ፤ ከዚያ ጠብቁ። መርፌው ከወረደ የራዲያተሩን የፕላስቲክ ታንክ መጋጠሚያ፣ የቱቦ ማሰሪያዎችን፣ በፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ተመልከቱ። በመኪናው ክፍል ውስጥ ጣፋጭ ሽታና የመስታወት ጉም ካለ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር አፍስሷል።

ከውጭ ምንም ካልተገኘ ወደ ውስጥ እንገባለን። ሞተሩ ሲነሣ ራዲያተሩ አፍ ላይ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ፣ ቱቦዎቹ ሞተሩ ሳይሞቅ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጠጠሩ፣ ከጭስ ማውጫው የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከወጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ነገር ግን በጥርጣሬ ቴስታታ አይፈታም። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚሰበሰበውን አየር በሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ የሚያሳልፍ ቀላል መፈተሻ አለ። የቃጠሎ ጋዝ ካለ፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሹን ወደ ቢጫ ይለውጠዋል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህን ምርመራ ከላቦራቶሪያቸው ያውቁታል። የብዙ ሺህ ብር ውሳኔ በአንዲት ጠብታ ቀለም ይወሰናል።

ቀለም ምስክር አይሆንም

ስለ ማቀዝቀዣ ፈሳሹ ራሱ ጥቂት ልበል። «እዚህ ውርጭ የለም፤ ውሃ ይበቃል» የሚለው አስተያየት የፈሳሹን ግማሽ ሥራ ይረሳል። ውሃ ሙቀት በመሸከም ከግላይኮል ድብልቅ ይበልጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ውሃ ብቻውን ብረት ያዝጋል፤ አሉሚኒየም ይበላል። የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ደግሞ የተሟሟ ካልሲየም አለው፤ ሲሞቅ እንደ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሆኖ በቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ይህ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአሉሚኒየም ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ስለሆነ ስስ ሽፋኑ እንኳ ራዲያተሩን ብርድ ልብስ እንደ ማልበስ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ያሉት የዝገት መከላከያዎች ሥራ ይህን መግታት ነው፤ በሚቀላቀለውም ውሃ ላይ ቢቻል የተጣራ ውሃ መጠቀም ይገባል።

ብዙዎች ፈሳሽን በቀለሙ ይመርጣሉ። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ሰማያዊ የአምራቹ ማቅለሚያ እንጂ የኬሚስትሪው ዋስትና አይደለም። በሲሊኬት፣ በፎስፌት ወይም በኦርጋኒክ አሲድ ላይ የተመሠረቱ መከላከያዎች አሉ፤ የማይስማሙ ሲቀላቀሉ ዕድሜያቸው ያጥራል፤ አንዳንዴም ረግተው ቱቦ ይደፍናሉ። የሚታመነው የመኪናው መመሪያ የሚጠራው ደረጃ ነው።

ግድግዳው ሲበሳ

አሁን ወደዚያ ስስ ግድግዳ እንመለስ። የካምቢዮው ማቀዝቀዣ ሲበሳ ሁለቱ ፈሳሾች ይገናኛሉ። ምልክቱ የማይረሳ ነው፤ የራዲያተሩን ክዳን ስትከፍቱ ወይም የካምቢዮውን የዘይት መለኪያ ስታወጡ የእንጆሪ ወተት የመሰለ ሮዝ አረፋ ታገኛላችሁ። ቡናማ፣ ጥቁር ዘይት በራዲያተር ውስጥ ከተገኘ ግን ጥርጣሬው ወደ ሞተር ዘይት፣ ማለትም ወደ ጓርኒሲዮን ወይም ወደ ሞተር ዘይት ማቀዝቀዣ ይዞራል። ሁለቱን ማምታታት ቴስታታን በከንቱ ማስፈታት ነው።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል፦ ሞተሩ ሲሠራ የካምቢዮው ዘይት የራሱ ግፊት አለው፤ ታዲያ ውሃው እንዴት ወደ ካምቢዮ ይገባል? መልሱ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ የዘይቱ ፓምፕ ይቆማል፤ ግፊቱም ወዲያው ይወድቃል። የሞቀው ራዲያተር ግን እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግፊቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ባለቤቱ ቡና ሲጠጣ ፈሳሹ ወደ ካምቢዮው ይሰርጋል። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች እንደ ወረቀት ያለ ሽፋን በማጣበቂያ የተለጠፈባቸው ናቸው፤ ውሃና ግላይኮል ሽፋኑን ያላሉ፣ ማጣበቂያውን ይፈቱታል። ለዚህ ነው ጉዳዩ የሰዓታት ጉዳይ የሚሆነው። ሮዝ አረፋ ያየ ሰው ሞተሩን ዳግም ማስነሣት የለበትም፤ መኪናው በተሸካሚ መወሰድ አለበት። ራዲያተሩ ይቀየራል፤ ካምቢዮው፣ ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ በአዲስ ዘይት በተደጋጋሚ ይታጠባሉ። ብዙ ከተነዳ ግን ካምቢዮውን ፈትቶ ሰሌዳዎቹን መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው።

ይህ ብልሽት ከዚህ ቀደምም ታሪክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በአሜሪካ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ውስጥ ፍትጊያን ለማስተካከል የሚጨመረው ከስፐርም ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። እንስሳቱን ለመጠበቅ ሲባል ሲታገድ ኬሚስቶች ምትክ ፈለጉ። ከመጀመሪያዎቹ የዴክስሮን ሁለት ዘይቶች አንዱ የማቀዝቀዣውን መገጣጠሚያ እየበላ ፈሳሹን ወደ ካምቢዮ ያስገባ ስለ ነበር ቀመሩ ተሻሽሏል። በቅርቡም እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በተሠሩ የኒሳን ፓዝፋይንደር፣ ኤክስቴራና ፍሮንቲየር መኪኖች ላይ ይኸው የራዲያተር ብልሽት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ክስ አስነሥቶ የዋስትና ጊዜው እንዲራዘም አድርጓል። ከዚህ የምንማረው አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ሲሰጠው የአንዱ ውድቀት ሌላውንም እንደሚጥል ነው። ከባድ ጭነት ለሚሸከሙ መኪኖች የካምቢዮውን ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ለይቶ ከፊት ለብቻው መግጠም የሚመረጠውም ስለዚህ ነው።

የካምቢዮው ዘይት ምን ይናገራል?

ግድግዳው ባይበሳም ዘይቱ ይናገራል። አዲስ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀይና ጥርት ያለ ነው። እየጠቆረ መሄዱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ የተቃጠለ ሽታ ከጥቁረት ጋር ሲመጣ ግን ሰሌዳዎቹ እየነደዱ ነው። ዘይት የሚበላሽበት ፍጥነት ሙቀቱ በዐሥር ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል የሚለው የኬሚስትሪ ግምት እዚህም ይሠራል፤ ስለዚህ የተዘጋ ራዲያተር ሳይታይ ካምቢዮም ይገድላል።

ልኬቱም ሥርዓት አለው። መለኪያ ዘንግ ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ዘይቱ የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ግን ሞተሩ ጠፍቶ እንዲለካ ያዝዛሉ። ዘንግ የሌላቸውም አሉ። መጉደል መንሸራተትንና የመዘግየትን ችግር ያመጣል፤ መብዛትም ዘይቱን አረፋ አድርጎ ያንኑ ችግር ይወልዳል። የሲቪቲ ካምቢዮ ዘይትም ከተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት የተለየ ነው፤ አንዱን በሌላው መተካት ቀበቶውን ማጥፋት ነው።

ስለ ሰው ደኅንነት

እስካሁን ስለ ብረት ተናገርሁ፤ ስለ ሰው ሳልናገር አልወርድም። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። በ110 ዲግሪ በግፊት ታፍኖ የቆየ ፈሳሽ ክዳኑ በተነሣ ቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ፊትንና እጅን ያቃጥላል። መኪናው ሲፈላ መንገድ ዳር አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ጠብቁ። በጋለ ሞተር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ዝም ያለ ነው። የተለመደው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ዋና ንጥረ ነገር፣ ኤቲሊን ግላይኮል፣ ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ መርዝም ነው። ኩላሊትን ያበላሻል፤ ለሕፃን ጥቂት ጉንጭ ለሞት ይበቃል። በጋራዡ ወለል ላይ የሚፈስሰውን ውሻና ድመት ይልሱታል። በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ማስቀመጥ ልማድ ሆኖ አያለሁ፤ ይህ መቅረት አለበት። የጠጣ ሰው ካለ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ በጊዜ ከደረሰ መድኃኒት አለው።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ሁሉ ትምህርት ከቤንዚን ሞተር ጋር አብሮ ያልፋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ በመንገዳችን ላይ ያሉት ግን ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከሙቀት አላመለጠም። የብዙዎቹ ባትሪ በፈሳሽ ይቀዘቅዛል፤ ፓምፕ፣ ቱቦና ራዲያተር አላቸው። እዚያም የተበሳ ግድግዳ ከካምቢዮ የበለጠ ውድ ነገር ያጠፋል። ዕቃው ይለወጣል፤ «ሙቀቱ ከየት መጣ? ወዴትስ መሄድ አቃተው?» የሚለው ጥያቄ ግን ያው ነው።

ስለዚህ ከእናንተ ከተማሪዎቼ የምጠብቀው በሚቀጥለው የተግባር ሳምንት መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ወረቀት እንድታነሡ ነው። የባለቤቱን ቃል ጻፉ፤ ከርካሹ ምርመራ ወደ ውዱ ሂዱ፤ የምትቀይሩትን እያንዳንዱን ዕቃ ለምን እንደምትቀይሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ያን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ዕቃው በቦታው ይቆይ።